ከምንጣፉ ሥር የበቀለ ገብስ

ትናንት ንፋስ መውጫ ከተማ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝን የአባቴን መኪና በር ስከፍት የሻጋታ ሽታ ፊቴን መታኝ፤ አክስቴም ትዝ አሉኝ።

ከዓመታት በፊት እህቴ ልትዳር ሦስት ቀን ሲቀራት መኪናዋ እንዲሁ ሸተተች። አባቴ ሽቶ ቢረጭባት ጭራሽ ባሰባት። ጠላ ጠማቂዋ አክስቴ በሩ ላይ ቆመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አንዴ አሸተቱና፣ «አንተ፣ ይሄ እኮ ብቅል ነው!» አሉት።

ምንጣፉ ሲገለጥ፣ ከጆንያ የፈሰሰ ገብስ ዝናብ ገብቶበት በቅሏል! አክስቴ ጠርገው፣ መኪናዋን ፀሐይ አስመትተው፣ እንደ ጠላ ጋናቸው በወይራ አጠኗት። ሙሽራዋ ስትገባ፣ «እንዴ፣ ጠላ አማረኝ!» ብላ ሳቀች።

ትናንት እኔም ምንጣፉን ገለጥኩ። ገብስ የለም። እንደ አክስቴ ዓይኔን ጨፍኜ ደጋግሜ አሸተትኩ፤ አፍንጫዬ ግን ሽታው ከምን እንደመጣ አልነገረኝም።