ያልተረጎምኩት መልስ
ከይርጋጨፌ ወደ ዲላ ስመለስ የቡና ማጠቢያው የኮመጠጠ ሽታ በሚኒባሱ መስኮት ሲገባ፣ ዛሬም በራሴ ብግን እላለሁ።

የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ወደ መንደራችን ዱመርሶ፣ እንዲህ በሚሸትበት ወቅት፣ ወይዘሮ አስቴር መጡ። ዲላ ሆነው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚከታተሉ ሠራተኛ ነበሩ። የክፍል ጓደኛዬ ብርቄ ከትምህርት ቤት ከቀረች ወዲህ ያን ሁሉ ጭቃ በእግራቸው ሲመጡ ሦስተኛቸው ነው። ጌዴኦኛ ስለማይችሉ እኔን አስተርጓሚ አደረጉኝ።

«ብርቄ የት እንዳለች ጠይቂልኝ» አሉኝ።

የብርቄ አያት እኔን እያዩ በጌዴኦኛ መለሱ። «ለባል ሰጥተናታል። ይህን ግን እንዳትነግሪያት። እሷ ማታ ዲላ ትገባለች፤ አንቺ እዚሁ ከእኛ ጋር ነሽ።»

ወይዘሮ አስቴር ደብተራቸውን ገልጠው ይጠብቁኛል።

«አክስቷ ጋ ሄዳለች፤ እዚያ ትማራለች ይላሉ» አልኩ።

ፊታቸው በራ። «ተመስገን» ብለው ጻፉና የጫማቸውን ጭቃ በእንጨት ጠርገው ሄዱ። እውነቱን ልነግራቸው ስንት ጊዜ አስቤ ስንት ጊዜ ተውኩት። ብርቄም ወደ ክፍል አልተመለሰችም።

ወይዘሮ አስቴር አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ባለፈው ሳምንት ዲላ ገበያ አግኝተውኝ ጉንጬን ስመው አብራቸው ላለችው ጎረቤታቸው፣ «ያኔ ይቺ ልጅ ባትኖር ዱመርሶ ላይ ምን እሠራ ነበር?» አሏት።

ዘንቢላቸውን ተቀብዬ እስከ በራቸው ሸኘኋቸው። መንገዱን ሁሉ ስለ ቲማቲም መወደድ አወራን።