ወንዝ ዳር የቀረው ጋሪ

ሸዋሮቢት አስተማሪ ሆኜ ስመደብ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ዓይናቸውን በስኳር በሽታ ያጡ የቀድሞ ከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ግቢው ውስጥ ካለችው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን መጽሐፍ አነብላቸዋለሁ። ወፍራም የውጭ ልቦለድ ትርጉም ነው፤ ደብረ ሲና መናኸሪያ በር ላይ የገዛሁት፣ ሽፋኑም የመጨረሻ ገጾቹም የሌሉት። ጋሼ ይሄ አላስጨነቃቸውም። እስካለበት እንሂድ፣ የቀረውን እኛው እንነዳዋለን አሉ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። አዲሱ ከመነበቡ በፊት የትናንቱን እሳቸው ይተርኩታል፣ ቅንጣት ሳያስቀሩ። ልጅ ሳሉ ቁርኣን ሲማሩ የለመዱት ነው፤ የትናንቱን በቃሉ ያላለ ልጅ አዲስ አይሰጠውም። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ሌላ ምክንያት ተጨመረበት። አባታቸው በስተርጅና አእምሯቸውን ስተው፣ ልጃቸውን እንኳ ሳይለዩ ነበር የሞቱት። ጋሼ የሚፈሩት ይህንን ነው። ተርከው ሲጨርሱ "አልሐምዱሊላህ፣ ይሄ እንኳ አለ" ብለው ግንባራቸውን መታ መታ ያደርጋሉ።

በዚያው ዓመት ኢንተርኔት ያለው ስልክ ገዛሁ። ኔትወርኩ እንደ ልብ ባይሆንም የግቢው በር ላይ ቆሜ ስልኩን ከፍ ሳደርግ ይመጣል። አንድ ቀን ውስጠኛው ገጽ ላይ ያለውን የመጽሐፉን ስም አስገብቼ ፈለግሁ። መጨረሻው በአራት መስመር ተጽፎ አገኘሁት። ማን እንደሚሞት፣ ማን ማንን እንደሚያገባ፣ በቃ።

ከዚያ ወዲያ ማንበብ ጭንቅ ሆነብኝ። መድረሻውን አውቄው በየመንገዱ ምን አቆመኝ? መጀመሪያ አንቀጽ ዘለልኩ፣ ቀጥሎ ገጽ። ለብቻዬ ሳነብም ዓይኔ መስመር መከተሉን ትቶ ፍሬ ነገር ብቻ ይለቅም ጀመር። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩትን እንኳ አልለቀምኩም።

አንድ ቀን ጋሼ የትናንቱን ሲተርኩ መሀል ላይ ቆሙ። ባለታሪኩ ፈረስና ጋሪውን ወንዝ ዳር ትቶ በጀልባ ተሻግሮ ነበር፤ አሁን ከተማ ውስጥ በዚያው ጋሪ ይሄዳል። ማን አመጣለት? የዘለልኩት ገጽ ላይ እንዳለ ወዲያው ገባኝ። ጋሼ ከራሳቸው ጋር ሲታገሉ ቆዩና፣ "አንብበህልኝ ነበር?" አሉኝ።

እውነቱን መናገር የአንዲት ቃል ሥራ ነበር። አፈርኩ።

"አዎ ጋሼ፣ አንብበነዋል" አልኳቸው።

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ያልፍላቸዋል ብዬ ራሴን አታለልኩ። በማግሥቱ ባለቤታቸው፣ ሰውዬው ምሳ ላይ ሳይቀር ስለ ጋሪ ነው የሚያወሩት ብለው ሳቁ። ለእኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም።

በሳምንቱ መጽሐፉን ይዤ ስወጣ እጃቸውን አነሱ።

"ይብቃን ልጄ። ሠላሳ ዓመት ስነዳ መኪናዬን የት እንዳቆምኩ ረስቼ አላውቅም። አሁን ረሳሁ። የአባቴ ነገር መጥቷል፤ አንተን በከንቱ አላድክምህ።"

ልናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣኝ ግን ድካም ይሆናል፣ ይረፉ የሚል ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጎረቤት ተሰብስቦ የአሰብ መንገድ ወሬያቸውን ሲጠይቃቸው ይጀምሩና መሀል ላይ ያቆማሉ፤ ልሳሳት እችላለሁ ይላሉ። እንዲህ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ። ጤነኛ አእምሮ የነበራቸውን ሰው በገዛ አእምሯቸው እንዲጠራጠሩ አደረግኋቸው።

ወደ ካራቆሬ ስዛወር መጽሐፉን ሰጡኝ። ጭንቅላቱ ደህና ለሆነ ሰው አንብብለት ብለው መረቁኝ።

እዚያ እንደደረስኩ ገጹን ፈልጌ አገኘሁት። አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ ጋሪውን ጎረቤቱ በድልድዩ ዞሮ አመጣለት። ከካራቆሬ ሸዋሮቢት በሚኒባስ ቅርብ ነው። መርዷቸው እስኪደርሰኝ ሁለት ዓመት እዚያ አስተማርኩ፤ አንድ ቀን እንኳ አልሄድኩም።