ሪኮታ ይዘን ወደ አሌክሳንድሪያ

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሲልቨር ስፕሪንግ ባቡር ስንሳፈር ባለቤቴ ሰናይት የበረዶ ሳጥን ታቅፋ ነበር። ውስጡ በጨርቅ ያጠለለችው ሪኮታ አለ፤ የእኛን አይብ የሚመስል፣ ግን ለስለስ ያለ የጣሊያን አይብ ነው። ዘጠኝ ዶላር ወስዶብናል። የምንሄደው እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለ አንድ የጣሊያን ምግብ ቤት ለሙከራ ጠርቷት ነው። አሁን የምትሠራው የሆቴል ጽዳት ወገቧን ጨርሶታልና ይህን ሥራ ማግኘት አለባት።

የምግብ ቤቱ ባለቤት በስልክ “ስትሮምቦሊ ትሠሪልኛለሽ” ብሏት ነበር። “ስሙ ነው እንጂ ያው ነው፤ ካልዞኔሽን ሠርተሽ አሳዪያቸው” ያልኳት እኔ ነኝ፤ ሁለቱም አይብ የተሞላበት ዳቦ አይደሉም? ሰናይት አዲስ አበባ አንዲት አሮጊት ጣሊያናዊት ቤት ስድስት ዓመት ምግብ ሠርታለች። ማን ሊያስተምራት ነው?

ጋለሪ ፕሌስ ወርደን የቢጫውን መስመር ባቡር ስንጠብቅ “ኮል አድርጌ ልጠይቀው?” አለችኝ።

“ምን ብለሽ? አላውቅም ልትዪው ነው?” ብዬ ተቆጣኋት። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ከተተች።

አራት ሰዓት፣ ኪንግ ስትሪት

ምግብ ቤቱ ጠባብ ነው። ስልሳ ዓመት የሚሆነው ባለቤት ወንበር ሰጠኝ፤ ለቡናው ግን አምስት ዶላር አስከፈለኝ። ሰናይት ሊጡን በክብ ዳምጣ ሪኮታና ሞዛሬላ የሚሉትን ለጋ አይብ ሞላችበት፤ እንደ ግማሽ ጨረቃ አጥፋ ጠርዙን በጣቷ ቆነጠጠች። ሲበስል ሰውየው ቆረጠው። ከሞዛሬላው ትንሽ ውሃ ወጣ።

“ይጣፍጣል፤ ግን የጣሊያን አይደለም” አለ።

ደሜ ፈላ። ጣሊያንን ረግጦ እንደማያውቅ አሁን ራሱ ነግሮኛል። “የጣሊያን ማለት ይሄ ነው! የአሜሪካው ያንተ ነው” አልኩት ተነስቼ።

ፊቱ ቀላ። “ይህን ቤት አያቴ የከፈተችው በስትሮምቦሊ ነው” አለና በሩን አየ። ሥራው በእኔ አፍ ሊበላሽ ነው።

“አያትህ እንዴት ነበር የምትጠቀልለው? አሳየኝ” አለችው ሰናይት በእንግሊዝኛዋ።

እጁን ታጠበ። ሊጡን በአራት ማዕዘን ዘረጋ። ሪኮታ የለም፤ የተፈቀፈቀ ደረቅ ሞዛሬላ፣ ፕሮቮሎን የሚሉት አይብና ሳላሚ ቋሊማ ደርድሮ እንደ ምንጣፍ ጠቀለለው። ሁለተኛውን ሰናይት ጠቀለለች። ምድጃ ሳይገባ “ሰኞ ጀምሪ” አላት።

መልስ

ባቡሩ ውስጥ ደስ ሊለኝ ሲገባ በንዴት እጨስ ነበር። “ስድስት ዓመት የተማርሽውን በዚህ ትለውጪዋለሽ?”

“ማን ለወጠ? የእሱ አይብ ደረቅ ነው፤ ሲጠቀለል አይፈስም። ሪኮታ እዚያ ውስጥ ቢገባ ይዘረገፋል። ሁለት የተለያየ ዳቦ ነው። ጠዋት ልጠይቀው ያልኩህ ይህንኑ ነበር።”

ትክክል መሆኗ ደግሞ የባሰ አናደደኝ። እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ የተናደድኩት በሰውየው ይሁን በራሴ መለየት አልቻልኩም።

ስምንት ሰዓት ላይ ቤት ገባን። የተረፈውን ካልዞኔ አሙቃ አቀረበችልኝ። እየተቆጡም ይበላል፣ በጣም ይጣፍጣል። ሁለት ዳቦና ሁለት ዓይነት አይብ መኖሩን ለማወቅ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሥራዋን ላሳጣት ምንም እንዳልቀረኝም አሰብኩ።

“ሰኞ ስንት ሰዓት እንውጣ?” አልኳት፣ ለዕርቅ ያህል።

“ሺፍቴ ሦስት ሰዓት ነው” አለች ሳጥኑን እያጠበች። “ብቻዬን ነው የምሄደው።”