እንዝርት ደሴቷን ስትዞር

የአምቡላንስ ጣቢያው ሰው ሁሉ «እንዝርት» ነው የሚላት። ሻይ ቆማ ትጠጣለች፤ ወሬ ስታወራ እንኳ የመኪናውን ቁልፍ በጣቷ እያሾረች ነው። ምጥ የያዛትን፣ ከጣሪያ የወደቀውን፣ ልቡ የደከመውን እያጣደፈች ሆስፒታል ስታደርስ ከሃያ ዓመት በላይ ኖራ፣ ጥድፊያው ከደሟ ጋር ተዋህዷል። እናቷ በሕይወት ሳሉ «ይቺ ልጅ ስትወለድም አዋላጇን አልጠበቀችም» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ እንደወጣች ወደ ጓደኛዋ ወደ ጋጋሪዋ ዳቦ ቤት ዘው አለችና፣ «ደሴቷን እንዙር!» አለች።

«የቷን ደሴት?»

«ያለንባትን ነዋ! ሌላ አለሽ እንዴ? ተወልደን አርጅተን የሰሜኑን ጫፍ እንኳ አላየነውም። ቦርሳችንን በጀርባችን አዝለን፣ በአውቶቡስም በጀልባም ብለን፣ በአንድ ሳምንት እንጨርሳታለን።»

ጋጋሪዋ እጇን ከሊጡ ሳታወጣ አየቻት። ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለምታውቃት የሆነ ነገር እንዳለ ጠረጠረች፤ ግን እንዝርትን ጠይቆ መልስ ማግኘት ነፋስን በወንፊት መያዝ ነው። ሦስተኛዋ ጓደኛቸው፣ የጂኦግራፊ መምህርቷ፣ ነገሩን ስትሰማ ሳቀች። «ዳርቻውን ዕድሜዬን ሙሉ በጠመኔ ስስለው ኖሬያለሁ፤ እስቲ አንዴ ደግሞ በእግሬ ልሳለው» አለች።

ሳለችው ማለት ግን ይከብዳል። ፏፏቴው ጋ ደርሰው ርጭቱ ፊታቸውን ገና ሳያርሰው «በሉ፣ ቀጣዩ አውቶቡስ መጣ!» አለች እንዝርት። ጥቁሩን አሸዋ ጫማቸውን ሳያወልቁ አቋረጡት። በተራራው አናት ያለውን ሐይቅ ለማየት ሽቅብ አስሮጠቻቸውና፣ እነሱ ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ እሷ ቁልቁለቱን ጀምራ ነበር። ጋጋሪዋ ከቤት የያዘችውን ዳቦ እየሮጠች እየገመጠች፣ «ኧረ እግዜር ያሳይሽ! ጉሮሮዬ ውስጥ ያለውን ሳልውጠው ሌላ ከተማ ደረስን» ትላለች። እንዝርት መንገድ ላይ አንገቷን እንደ ዶሮ እያዞረች ነው የምትሄደው፤ በግራዋ በኩል የነበረ የፍራፍሬ መደርደሪያ ገጭታ ብርቱካኑን ሁሉ አፈሰሰችው። ጓደኞቿ የችኮላ ነው ብለው ሳቁ፤ እየሳቁም ለቀሙላት።

የዓሣ አጥማጆቹ ወደብ ላይ ግን ሳቁ አለቀ። መምህርቷ ቦርሳዋን አወረደችና የጀልባ ማሰሪያው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«አልነሳም።»

«አውቶቡሱ ሊሄድ ነው!»

«ይሂድ። ተማሪዎቼ ምን አየሽ ቢሉኝ የማወራላቸው ስለ ወንበር ጀርባ ነው። ሌላ ያየሁት የለም።»

እንዝርት ወደ ጋጋሪዋ ዞረች። ጋጋሪዋም ጫማዋን እየፈታች ነበር። ተረከዟ ተልጦ ካልሲዋ ላይ ተጣብቋል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ» አለች፤ «አንቺ ግን የምታፈሺው እኛን ነው።»

«እንግዲያው ተቀመጡ! ሥር አብቅሉ!» ብላ እንዝርት ብቻዋን ሮጣ ተሳፈረች።

ሰሜኑ ጫፍ ስትደርስ መንገዱ ራሱ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው፤ በሦስት ወገን ባሕር ብቻ። ከታች ማዕበሉ ዓለቱን ሲመታው መሬቱ ከእግሯ ሥር ይነዝራል። «እዩት እንጂ!» ብላ ዞር ስትል ማንም የለም። አዛውንቱ ሹፌር ብቻ የአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ።

«አባባ፣ መቼ ነው የምንመለሰው?»

«ከሰዓት በኋላ ነው ልጄ።»

ከሰዓት በኋላ! አውቶቡሱን ዞረችው። ደግማ ዞረችው። ጎማዎቹን በእግሯ መታ መታ አደረገች።

«የፊተኛው ጎማ አየር ጎድሎታል።»

«አውቃለሁ። ምንድን ነው ሥራሽ?»

«የአምቡላንስ ሹፌር...» አለች። «ነበርኩ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላውም ተከትሎ ወጣ። የመንጃ ፈቃዷን ልታሳድስ ስትሄድ ግራ ዓይኗ ፈተናውን ወደቀ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አላት፤ እይታን ከዳር እያጠበበ የሚሄድ። መድኃኒቱ ባለበት ሊያቆመው ይችላል፤ የጠፋውን ግን አይመልስም። «ቀኙም እንዳይከተለው ፈራሁ። ሳይመሽብኝ ሁሉንም ልየው ብዬ ነው» አለች።

ሽማግሌው አላጽናኗትም። የብርቱካኑን ግማሽ አቀበሏት።

«እና አየሽው?»

«ምኑን?»

«እኔ እንጃ። ከመጣሽ ጀምሮ ስታዪ የቆየሽው የእኔን ጎማ ነው።»

ሊከፋት ሲል ሳቋ አመለጣት። ሄዳ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጠች። ብዙ አልቆየችም፤ ተነሣች፣ ተንጎራደደች፣ እንደገና ተቀመጠች። ነጫጭ ወፎች ነፋሱን ተደግፈው ክንፋቸውን ሳያንቀሳቅሱ አንድ ቦታ ላይ ሲንሳፈፉ አየች፤ ቀናችባቸው።

ወደቡ ስትመለስ ጓደኞቿ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ውስጥ የተጠበሰ ዓሣ ከበው አገኘቻቸው። ቆማ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። ለሹፌሩ መናገሯንም አልደበቀችም።

ጋጋሪዋ ሳህኑን ገፋችው። «ለማታውቂያቸው ሽማግሌ ነግረሽ ለእኔ ደበቅሽ? እኔ ምንሽ ነኝ?»

«እህቴ ነሽ።»

«እህትሽማ ብሆን ተረከዜ እስኪላጥ አታስሮጪኝም ነበር! ታመምኩ ብትዪኝ እኮ ተሸክሜሽ እዞር ነበር!»

መምህርቷ ግን፣ «የዓይን ጠብታ ሰጥተውሻል?» አለች።

«አዎ።»

«ዛሬ ጨምረሻል?»

እንዝርት አውቶቡስ ስታሳድድ ጠብታውን ከረሳችው ቀናት አልፈዋል። ጋጋሪዋ ተነሥታ የእንዝርትን ቦርሳ ከጀርባዋ አወረደች፣ ጠርሙሱን በርብራ አወጣች፣ ትከሻዋን ይዛ ወንበሩ ላይ ጫነቻት።

«ቀና በይ። አትቅበጥበጪ! ሊጥ እንኳ ካንቺ የተሻለ ይረጋል።»

የቀረውን ሳምንት እዚያው ወደብ አካባቢ አሳለፉት። ምሥራቁን አላዩትም። እንዝርት በየማለዳው ብቻዋን ዳርቻውን ወርዳ ትመለስና፣ «አሁንም ተኝታችኋል?» እያለች ብርድ ልብሳቸውን ትገፍ ነበር።

ከጉዞው ስትመለስ ቁልፉን አስረከበች። ጣቢያው አላሰናበታትም፤ ከአዳዲሶቹ ሹፌሮች ጎን ተቀምጣ መንገድ እንድታሳያቸው አደረጋት። ኩርባ በደረሱ ቁጥር የመኪናውን ወለል ትረግጣለች።

«እትዬ እንዝርት፣ እዚያ ጋ እኮ ፍሬን የለም» ይሏታል።

«ባይኖርም እረግጠዋለሁ!»

ለዓይን ምርመራ ስትሄድም ብቻዋን አትሄድም፤ ጋጋሪዋ ዳቦ ቤቱን ዘግታ ትከተላታለች። ባለፈው ጊዜ ኮሪደሩ ላይ ገና ከመቀመጣቸው እንዝርት ብድግ አለች። ጋጋሪዋ የቀሚሷን ጫፍ ያዘች።

«ወዴት?»

«ተራው የት እንደደረሰ ልየው።»

«ይጠሩሻል።»

«ካልጠሩኝስ?»

ጋጋሪዋ ጫፉን አልለቀቀችም። እንዝርትም ቆማ፣ እንደተያዘች፣ ቦታ እየቀያየረች ጠበቀች።