ከመስኮቱ ውጭ የቆሙ ጠያቂዎች

ልጅ እያለሁ ሰው የሚድነው ጠያቂ ሲበዛለት ይመስለኝ ነበር። ይህን ያስተማረኝ ታላቅ ወንድሜ ከድር የፈጠረው ጨዋታ ነው። አባታችን ከጅማ መጥቶ ካምዎክያ በሚባል የባዕድ አገር ሰፈር ውስጥ በከፈተው ሱቅ ጀርባ፣ ከሰፈር ልጆች ጋር በተደፋ የለስላሳ ሳጥን ዙሪያ ተኮልኩለን፣ የሉዶ ዳይስ እየጣልን ከዘንዶና ከጅቦች ንጉሥ ጋር እንዋጋ ነበር። ተራኪውም ዳኛውም ከድር ነው። የየጀግናችን ነፍስ በቦሎቄ ፍሬ ይለካል፤ ዘንዶው በነከሰን ቁጥር አንድ ፍሬ ይነሳል፣ ፍሬው ያለቀበት ይሞታል። የሳሙናው፣ የነጭ ጋዙ፣ ከመንገዱ ማዶ እንቁላል በቻፓቲ እየጠቀለለ ሮሌክስ የሚሸጠው ሰውዬ ዘይት ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ።

ያስቸገረን የቆሰለው እንዴት ይዳን የሚለው ነበር። ከድር መጀመሪያ «ተኝቶ ያደረ ይድናል» ብሎ ደነገገ። ታዲያ ሁላችንም ገና ትንሽ ስንቧጨር እየተኛን ዘንዶውን የሚገጥም ጠፋ። ቀጥሎ የአስማት ውሃ አመጣ፤ እሱንም በአንድ ከሰዓት ጠጥተን ጨረስነው። ስንጨቃጨቅ እማዬ ከባንኮኒው ጀርባ ሰምታን ሳቀችና፣ «ጠያቂ ሳይመጣለት ማን ድኖ ያውቃል? ኧረ እናንተ ልጆች!» አለችን።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ይኸው ሆነ። የቆሰለው ይተኛል፤ ጓደኞቹ ውጊያቸውን ትተው ይመጣሉ፤ «አላህ ያሽርህ» ያለው ሁሉ አንድ ፍሬ ይመልስለታል። ባዶ እጁን የመጣ አይቆጠርም፣ ቢያንስ ሙዝ መያዝ አለበት። ጀግኖቻችን ውጊያውን ረስተው ሲጠያየቁ ይውሉ ጀመር፤ ዘንዶውም ሥራ ፈታ።

እማዬ የታመመች ጊዜ ታዲያ እኔ አልደነገጥኩም። የጅማው፣ የወሎው፣ የኤርትራው ሰው ሁሉ ያውቃታል፣ ይወዳታል። ሐኪሙ ግን ሕመሙ ይጋባል፣ ማንም እንዳይገባባት አለ። አባዬ በር ላይ ቆሞ እንግዳ መለሰ። እንግዳ ሲመልስ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ቀና ብሎ ሰው ማየት እንኳ አቃተው። ጠያቂዎቹም እሺ ብለው አልሄዱም። የተቀቀለ ሙዝ፣ ማቶኬ የሚሉትን፣ እና ጭማቂ እንደያዙ ከመስኮቱ ውጭ ተሰልፈው፣ ዱዓቸውን አድርገው፣ እንድትሰማቸው ጮክ ብለው «አላህ ያሽርሽ!» ይሏታል።

ግራ ገባኝ። ሮጬ ሄጄ ከድርን፣ «ከመስኮት ውጭ የጠየቀ ይቆጠራል ወይ?» አልኩት። ሕግ አጥቶ የማያውቀው ወንድሜ «እኔ ምን አውቄ! ተይኝ!» ብሎ ጮኸብኝና ፊቱን በሸሚዙ ሸፈነ። የዚያን ቀን እንደፈራሁት ፈርቼ አላውቅም።

እማዬ አልዳነችም። ከቀብሯ በኋላ በሩ ተከፈተና ውጭ ቆመው የነበሩት ሁሉ፣ ጭራሽ የማናውቃቸውም ጭምር፣ ገብተው ቤቱን ሞሉት። ይህ ሁሉ ሰው አሁን ማንን ሊያድን ነው የመጣው? አዋቂዎቹን ብጠይቅ ራሴን እየዳበሱ ብስኩት ሰጡኝ። እውነቱን ለመናገር ዛሬም መልሱን አላገኘሁትም።

አሁን ሰው ሲታመም የሚጠየቀው በስልክ ነው። በቀደም ወባ ሲጥለኝ ስልኬ «አላህ ያሽርሽ» በሚሉ መልእክቶች ሲንጫጫ ዋለ። የከተማችንን የመንገድ መጨናነቅ እያወቅኩ ማንን እቀየማለሁ? ከድር ግን ናካዋ ከሚባለው ሰፈሩ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ተፈናጦ፣ ዝናብ ደብድቦት መጣ። ጫማውን አወለቀና ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ጢሙ የሸበተ፣ የልጆች አባት የሆነ ሰውዬ እንደ ልጅ እያየኝ፣ «መግባት ይቻላል?» አለኝ።

ወባ እኮ እንዲህ አይጋባም ልለው ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ።