ለአባቴ ሞርፊን፣ ለጠያቂው ማንጎ
አባቴን የካንሰር ሕመም ሲያሰቃየው ሐኪሙ በልዩ ማዘዣ የሞርፊን ሽሮፕ አዘዘለት። የሸዋ ሮቢቱ ፋርማሲስት መታወቂያዬን አይቶ፣ «ለሌላ ሰው ጠብታ እንዳትሰጡ፤ ሕግ ነው» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

ቤታችን ግን ሁልጊዜ በጠያቂ የተሞላ ነው። አባቴ «ሰው ቁጭ ብሎ እያየኝ እኔ ብቻዬን ልጠጣ?» ብሎ ሽሮፑን ገፋው፤ ጥርሱን ነክሶ ዋለ። ከሕመሙ ይልቅ ይሉኝታው ሊገድለው ነው! ተናድጄ የማንጎ ጁስ አዘጋጀሁና ለጠያቂው ሁሉ አደልኩ። አባቴ ዙሪያውን አየና «በሉ፣ ቢስሚላህ!» ብሎ የታዘዘለትን ጨለጠ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ካለ ሞርፊን ያለ ማንጎ አይወሰድም።

አንድ ቀን ፋርማሲስቱ ራሱ ሊጠይቀው መጣ። የአባቴ ሽሮፕ ሲቀዳ ለእሱም የማንጎ ብርጭቆ ስናቀርብለት ግራ ተጋባ። አባቴ በሳቅ ፈነዳ፤ «ሽሮፔን ሕግ ይከለክልሃል፤ ይሄን ሳትጠጣ ግን ከቤቴ አትወጣም!»