ለወንዝ የተላኩ ሽማግሌዎች

ካዛንቺስ የሚኖሩትን ጡረተኛ የወርቅ ማዕድን ሥራ አስኪያጅ ለማናገር ያልቧጠጥኩት ዳገት አልነበረም። ወርቅ ስለወጣበት ወንዝና ከዳርቻው ስለተነሱት ነዋሪዎች ታሪክ እያጠናሁ ነበር። የተነሺዎቹን ቃል በካሴት ይዣለሁ፤ ካስነሺዎቹ ወገን ግን በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸው ካልተናገሩ ጥናቴ ጎዶሎ ሆኖ መቅረቱ ነው። በሄድኩ ቁጥር ግን «ልጄ፣ ያለፈውን ምን ያስቆፍርሃል?» ብለው በሩን ይዘጉብኛል።

ይህን ለአጎቴ ባጫውተው፣ «ታዲያ ሰው እምቢ ሲል ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ይላካላ!» አለኝ። እንዴት እስከዛሬ አላሰብኩትም! እሑድ ጠዋት አጎቴና ሁለት ጓደኞቹ ሙሉ ልብሳቸው ላይ ነጠላ ደርበው ከፊት፣ እኔ ቴፔን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ከኋላ፣ ከመስቀል አደባባይ ሽቅብ እየተሳሳቅን ወጣን።

በሩን የከፈተችው ልጃቸው ናት። ሽማግሌዎቹን አየች፣ እኔን አየች፣ እልም ብላ ጠፋች። ከጓዳ ሹክሹክታ፣ ወንበር ሲጎተት፣ ብርጭቆ ሲሰበር ተሰማ። ሰውየው ኮት ደርበው ብቅ አሉና «ተቀመጡ» አሉን።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ አጎቴ፤ ወጉ ነውና።

ከመጋረጃው ጀርባ እናትየው፣ «ኧረ ምን ዘመን መጣ! ሙሽራው ራሱ ከሽማግሌ ጋር ይመጣል?» ሲሉ ሰማሁ። ይኼኔ ነው የገባኝ፤ የእስከዛሬው ምልልሴ ሁሉ ለልጅቷ መስሏቸዋል። ላቤም ሳቄም አንድ ላይ መጣ። አጎቴ ግን ደረቱን ነፍቶ እንደቆመ ነው።

«የልጁ ሥራ ምንድን ነው?» አሉ ሰውየው ኮስተር ብለው።

«ታሪክ አጥኚ ነው። የመጣነውም ስለ ወርቁ ወንዝ እንዲነግሩት ልንለምንዎ ነው።»

 ከዚያ ልጅቷ ጓዳ ውስጥ በሳቅ ፈረሰች። እናትየው ተከተሉ። ሰውየው ሆዳቸውን ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔማ ግድግዳ ተደግፌ ነው የተረፍኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የሳቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ሳቁ በረደ። ሰውየው እንባቸውን በመሐረብ ጠረጉ፤ ደግመውም ጠረጉ።

«ወንዙን ከሰዎቹ ስንወስድ እኛ ሽማግሌ አልላክንም» አሉ። «ግሬደር ነው የላክነው።»

መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«በሉ አሁን ተቀመጡ» አሉ ወንበር እየሳቡ። «አንተም ቴፕህን ክፈት።»